የአራት ደቂቃ ጨለማ

ዝነኛው ሠዓሊ አምሀ፣ ከድንበር ማዶ ሄሮን በሚባለው ሰፈር ባለው ቪላው፣ ከኋላ ባለው ሶፋ ላይ ለብቻው እንደተቀመጠ፣ የወጥ ቤት ቢላ ደረቱ ላይ ተሰክቶ ተገኘ። ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት! መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርዶ ፊልሙን እያስመረቀ ነበር፤ የእሱ ከተባለ ነው እንግዲህ።

መርማሪዋ ሩቅያ ስትደርስ ሚስቱ ጀዋሪያ የቤት ሠራተኛዋን የደብሪቱን ክንድ ጨምድዳ ይዛለች። «ቢላው የሷ ነው! ይውሰዱልኝ!»

«ኧረ በማርያም እትዬ! ለእንግዳዋ ውሃ ልቀዳ ዞር ከማለቴ ነው ያጣሁት!»

«ይልቀቋት» አለች ሩቅያ። ድሬዳዋ ስላደገች አማርኛው አይቸግራትም፤ ደሃ ያለ ጥፋቱ ወህኒ ሲወርድ ማየት ግን አንጀቷን ያሳርረዋል። «ከፊት የተቀመጠው ማነው?»

«እኔና ጀዋሪያ፣ ትከሻ ለትከሻ» አለ ሥዕል ሻጩ ከይረዲን።

«ፕሮጀክተሩንስ?»

«እኔ» አለች ሱሪያ። ያለ ካሜራ፣ ጥሬ ፊልም በመርፌ እየፋቀች ፊልም ትሠራ ነበር፤ ዛሬ ማን ያስታውሳታል! «ቀበቶው ስለተበጠሰ መጠቅለያውን የማዞረው በእጄ ነው። ከለቀቅሁት ወለሉ ላይ ይዘረገፋል።»

«ፊልሙ አልተቋረጠም» አለ ከይረዲን። «መሐል ላይ ብቻ አራት ደቂቃ ያህል ድቅድቅ ጨለማ ሆነ። ማሽኑ ሲንጫጫ ይሰማን ነበር።»

ሩቅያ በመርፌ የተፋቀውን ጥቅልል እየተረተረች በጣቷ ዳበሰችው። ከዚያ ሁሉንም ሰበሰበች፤ ደብሪቱንም አጠገቧ አስቀመጠች።

«ፊልሙን ገና ዛሬ ማየታችሁ ነው። ጨለማው መቼ እንደሚመጣና ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ የሚያውቀው የሠራው ሰው ብቻ ነው። ደግሞ ዳብሱት፤ ከጥቁሩ በፊትና በኋላ ያለው ንጹሕ ነው፣ ጥቁሩ ክፍል ግን ኻምሲን የሚሉት የበረሃ ነፋስ ያስገባውን የወለል አቧራ ለብሷል። ያን ጊዜ የሚያዞረው እጅ አልነበረም። የሟቹን ማቃሰት የማሽኑ ጩኸት ዋጠው፤ ገዳይዋም ተመልሳ የተዘረገፈውን ጠቀለለችው። ደብሪቱ፣ ውሃ የጠየቀሽ ማነው?»

ደብሪቱ ወደ ሱሪያ ጠቆመች።

ሱሪያ ሳቀች። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም! አሥር ዓመት የደከምኩበትን ‹የኔ ነው› ሲል ጥርሴን ነክሼ ሰማሁ። ጭራሽ ‹ፕሮጀክተሩን አንቺ አዙሪልን› ይበለኝ? እኔን! እሰይ፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ!»

«በደብሪቱ ቢላ» አለች ሩቅያ። «እሱ ሥራሽን በስሙ አደረገው። አንቺ ደግሞ ሥራሽን በዚች ምስኪን ስም ልታደርጊ ነበር።»

ሱሪያ ሳቋ ከፊቷ ጠፋ። የምታለቅሰውን ደብሪቱን አየቻት፤ አንገቷንም ደፋች።

«ጻፊው» አለች በመጨረሻ። «ሁለቱም የኔ ሥራ ናቸው።»