የታሰሩት አውራ ጣቶች

የአገሩ ሽማግሌና የእንግዶች መንገድ መሪ የጋሽ ገሠሠ አስከሬን ከአፋፉ ሥር፣ አንዲት ሣር በማይበቅልበት ድንጋያማ እርከን ላይ ተጋድሟል። ኢንስፔክተር ጌታነሽ በፍየል መንገድ ግማሽ ሰዓት ወርዳ ደረሰች። ከመሐል ሜዳ አብሯት የመጣው ሳጅን ወሰኔ ከኋላዋ ያለከልካል። የሟቹ ፊት በገዛ የሱፍ ባናቸው ተሸፍኗል።

«ማን ነካቸው?» አለች።

«ማንም። አፋፉ ላይ ያለው የእንግዳ ማረፊያ ጎጆ ባለቤት ማዕረግ ጠዋት ከላይ ሆኖ አይቶ ነው የደወለልን። እስካሁን የወረደ ሰው የለም።»

ጌታነሽ ባናውን ገለጥ አደረገች። ዓይኖቻቸው ተከድነዋል። እግሮቻቸው ተገጣጥመው ወደ ምሥራቅ ተዘርግተዋል። ሁለቱ አውራ ጣቶቻቸው ደግሞ በአንድ ዘለላ ጓሳ ታስረዋል። ሣሩ ገና እርጥብ አረንጓዴ ነበር።

«ስልሳ ሜትር የወደቀ ሰው እንዲህ ተሰትሮ አይተኛም» አለች። «ተገንዘዋል።»

«ገዳይ ይገንዛል እንዴ?»

«የሚወዳቸው ከሆነ ይገንዛል።»

ሳጅኑ ግን ጥፋተኛዋን ከቁርስ በፊት አግኝቶ ጨርሷል። በጊሼ መንገድ የመጀመሪያዋን ማረፊያ የምታስተዳድረው ባሏ የሞተባት ደብሪቱ፣ ትናንት ከሰዓት እዚህ ድረስ መጥታ ከጋሽ ገሠሠ ጋር ስትጨቃጨቅ፣ በመጨረሻም «እግዜር ይይልህ!» ብላ ስትሄድ ሰው ሁሉ ሰምቷል። መኪናው አሥር ሰዓት ላይ ወደ መሐል ሜዳ ሲመለስ ሳጅኑ ይዟት ሊሄድ ቆርጧል። ጌታነሽ ሰዓቷን አየች። ሦስት ሰዓት ተኩል ነው።

መጀመሪያ ያነጋገረችው አርሴማን ነው። አርሴማ ከአዲስ አበባ የእግር ተጓዦችን የምታመጣ ወጣት ናት። በጥር አርባ ሰው ይዛ ልትመጣ፣ የአራት ቀን መንገድ ልትመርጥ ነው የመጣችው።

«መንገዱ ከዚህ ጎጆ ላይ ለሁለት ይከፈላል» አለች። «አንዱ የአፋፉ ነው። ሰው ሁሉ የሚወደው እሱን ነው፤ ፎቶውም የሱ ነው። ሌላው ወደ ራቤል የሚሄደው የጊሼ መንገድ ነው፤ ጭር ያለ ነው፣ እኔም አላየሁትም። የቱ እንደሚሻል ጋሽ ገሠሠ ዛሬ ጠዋት ሊነግሩኝ ነበር።»

«ትናንት ማታስ?»

«ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ወጣ አሉ፤ ለእራት አልተመለሱም። እኔና ባለበቅሎው ኪዳነ እስኪመሽ ድረስ ጭነት ስናወርድ ነበር፤ አንድ አፍታም አልተለያየንም። ማዕረግ ፍለጋ ሄዶ አጣኋቸው ብሎ መጣ።»

ኪዳነም ይህንኑ ቃል በቃል ደገመው።

ማዕረግ ሠላሳ ዓመት የሞላው፣ ትሑትና ታታሪ ሰው ነው። ጋሽ ገሠሠ ክርስትና ያነሱት ልጅ ነው፤ ዓይኑ በልቅሶ አባብጧል። ልቅሶው የውሸት እንዳልሆነ ጌታነሽ አልተጠራጠረችም፤ የከበዳትም እሱ ነው። የጎጆው ክዳን ወፍራምና ያማረ ነበር።

«እንዴት አገኘሃቸው?»

«በማለዳ ከአፋፉ ላይ ቁልቁል ሳይ ነው። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እንቅልፍ የወሰዳቸው ነው የሚመስሉት። አላመንኩም።»

«ወርደህ አላየህም?»

«እግሬ ከዳኝ፣ ኢንስፔክተር።»

«ክዳኑን መቼ ሠራኸው?»

ጥያቄው ሳያስበው መጣበት። «የዛሬ ሦስት ዓመት» አለ፤ «ጓሳው የተከፈተ ጊዜ።»

ጓሳ የዚያ አገር ሰው ጎጆውን የሚከድንበት፣ ገመዱን የሚገምድበት ሣር ነው። ሕዝቡ ተማክሮ ለዓመታት ይዘጋዋል፤ የሚከፈትበት ቀን እስኪቆረጥ ማንም ማጭድ አያስገባም። ያስገባ ከእድሩም ከማኅበሩም ይወጣል፤ እሳት የሚጭርለት ጎረቤት አያገኝም። ከዚህ ቅጣት እስር ቤት ይሻላል የሚል ብዙ ነው።

ጌታነሽ ሳጅኑን አስከትላ በጊሼ መንገድ አንድ ሰዓት ሄደች። ጠመዝማዛው ካለቀ በኋላ፣ ከመንገዱ በታች ያለው ረባዳ ተላጭቶ ታየ። ወገብ የሚደርሰው ጓሳ ከሥሩ ታጭዷል፤ ጉቶው አረንጓዴ ነው። ሳጅኑ አማተበ።

«እዚህ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ያየዋል» አለ።

«ሰው ካለፈ አይደል?» አለች።

ደብሪቱ በራፏ ላይ ሱፍ ትፈትላለች። ጎጆዋ ያሳዝናል። ክዳኑ አርጅቶ ጠቁሯል፤ ዝናብ የሚያስገባው ቦታ በላስቲክ ተሸፍኖ ድንጋይ ተጭኖበታል።

«እትዬ ደብሪቱ፣ ትናንት ጋሽ ገሠሠ ምን አሉዎት?»

«እሱን አትጠይቂኝ፣ ልጄ።»

«ካልነገሩኝ ማታ እስር ቤት ነው የሚያድሩት።»

«ብነግርሽም ያው ነው። ለኔ የባሰ ነው።» እንዝርቷን አስቀመጠች። «እግዜር ይይልህ አልኩት። አየለት። ይኸው በዚህ ነው የማለቅሰው።»

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም በማዕረግ ጎጆ ተሰበሰቡ። ሳጅኑ ካቴናውን አዘጋጅቶ ከደብሪቱ ጎን ቆመ። ጌታነሽ መሐል ላይ ቆማ ጀመረች።

«ጋሽ ገሠሠ ከወደቁ በኋላ አንድ ሰው ጨለማ ሳይዝ ወደ እርከኑ ወርዷል። ዓይናቸውን ከድኖ፣ እግራቸውን አቃንቶ፣ አውራ ጣታቸውን አስሮ፣ ፊታቸውን ሸፍኗል። ሌባ እንዲህ አያደርግም፣ ጠላትም አያደርግም። ሬሳ እንደ እንስሳ ሜዳ ላይ ሲቀር ማየት ያልቻለ ሰው ነው። አርሴማና ኪዳነ በዚያ ሰዓት አብረው ነበሩ። የቀሩት ሁለት ናቸው።»

«አላልኩም ነበር?» አለ ሳጅኑ።

«ጣታቸው የታሰረው በአረንጓዴ ጓሳ ነው። እርከኑ ላይ ጓሳ አይበቅልም፤ ጓሳው ደግሞ ከተዘጋ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። እንግዲህ ያሰራቸው ሰው ሣሩን ይዞት ነበር። ጣራ የሚከድን ሰው ማሰሪያውን ከመቀነቱ አይለይም። እትዬ ደብሪቱ ግን ጣራቸው በላስቲክ የተጠገነ ነው። የተዘጋ ጓሳ በድብቅ የሚያጭድ ሰው ዝናብ እላዩ ላይ እየወረደ አይተኛም።»

እጇን ዘርግታ ከውስጥ ከክዳኑ አንድ ዘለላ መዘዘች። ላዩ ግራጫ ሲሆን፣ ከሥር የተመዘዘው ገና አረንጓዴ ነበር።

«ማዕረግ፣ ይህ የሦስት ዓመት ሣር አይደለም። እንግዳ በዝቶብህ ጎጆህን ስታሰፋ ሣር አጠረህ። አርባ ተጓዥ በጊሼ በኩል ካለፈ ረባዳውን ያያል። ሌላም አለ። ፊታቸው በባና ተሸፍኖ ስለነበር፣ ከሸፈነው ሰው በስተቀር ዓይናቸው መጨፈኑን ማወቅ የሚችል የለም። አንተ ግን ነገርከኝ።»

ማዕረግ የተመዘዘውን ዘለላ ከእጇ ተቀበለ።

«ለመንኳቸው» አለ። «እንግዳዋን ወደ ጊሼ አይላኳት አልኩ። 'ቃሌን ቀድሜ የምነግረው ለእንግዳዋ ነው' አሉኝ። ከደብሪቱ ጋር ሲያወሩ አይቼ ነበር፤ ለሷ እንደፈረዱላት እርግጠኛ ሆንኩ። ሲሄዱ አፋፉ ጫፍ ላይ ባናቸውን ይዤ ጎተትኩ፤ እሳቸው ሊላቀቁ ወደ ገደሉ ሲሳቡ እኔ ለቀቅኩ። አልገፋኋቸውም። ለቀቅኩ እንጂ።» ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። «እንደዚያ ሆነው ጥያቸው ልሂድ? ክርስትና አባቴ ናቸው።»

ሳጅኑ ካቴናውን ይዞ ከደብሪቱ ጎን ራቅ አለ፤ አፍሮ ነበር። ያኔ ደብሪቱ ተነሳች።

«አሁን እናገራለሁ» አለች። «ቅድም ብናገር በቂም ገደለችው ትሉኝ ነበር። ገሠሠ ትናንት የጠራኝ ክፉ ወሬ ከሌላ ሰው እንዳልሰማው ብሎ ነው። እንግዳዋን በአፋፉ መንገድ ሊልካት ነበር።»

አርሴማ ቀና አለች። ማዕረግም እጁን ከፊቱ ላይ አነሳ።

«'ጓሳው እስኪከፈት ድረስ ጊሼን እግር አይብዛባት፤ ሣሩ ይረገጣል' አለኝ። እኔም ተናድጄ የኔስ ጎጆ አልኩት። 'ማዕረግ ደክሟል፣ ቤቱን አሳምሯል፤ ዘንድሮ ለልጄ ይሁንለት' አለኝ።»

«ለኔ?» አለ ማዕረግ።

«ለአንተ» አለች ደብሪቱ፤ ከዚያም አጠገቡ ተቀምጣ አብራው አለቀሰች።