ከመጋረጃው ጀርባ የነበረው አንባቢ

እኔ እንዲህ ባለ ነገር የማምን ሰው አልነበርኩም፣ ጅን አየሁ የሚል ሰው ሲገጥመኝ "ለመሆኑ ምሳ በልተሃል?" ነበር የምለው፣ ይህንንም የማወራልህ እንድትፈራ ሳይሆን ከእኔ ጋር እንድትገረም ነው።

በጃንሆይ ጊዜ መርካቶ ውስጥ፣ ከተክለ ሃይማኖት ወረድ ብሎ ካለ ልብስ ስፌት ቤት ካውያ ተኳሽ ነበርኩ፣ ከሰሉ እስኪግል ሥራ ስለማልይዝ ለሰፊዎቹ ልብ ወለድ አነብላቸዋለሁ፣ ደስ ያለኝን መጽሐፍ ደግሞ ለገባ ደንበኛ ሁሉ "ይህንን ሳያነቡ እንዳይሞቱ" እላለሁ። ሰፊዎቹ የወሎው ሰይድና የጎጃሙ አለማየሁ ናቸው፣ ሥጋ ለየብቻ ቢበሉም በጾም ቀን ሽሮ አብረው ካልቀመሱ የማይጠግቡ ወዳጆች።

አንድ ክረምት የወንጀል ልብ ወለድ አመጣሁላቸው፣ አንድ ባለጸጋ ሆቴል ውስጥ ፊቱ እስከማይለይ ተደብድቦ ሞቶ ይገኛል፣ ልባችንን ሰቅሎ ይዞን ሄዶ ሄዶ፣ ለካ መጨረሻው ተቀዷል። ሰይድ ገዳዩ ወጥ ቤቱ ነው አለ፣ አለማየሁ ሚስትየዋ ናት አለ፣ እመነኝ፣ በዚህ ተኳረፉ። ጎን ለጎን ተቀምጠው "ያንን ሰውዬ መቀሱን አቀብለኝ በልልኝ" እያሉ በእኔ ይላላኩ ጀመር፣ መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ሰይድ የስፌት መኪናውን ይዞ ወደ በርበሬ በረንዳ ሊሄድ ቤት እንደሚፈልግ ስሰማ ግን ሳቄ ጠፋ፣ መጽሐፉን ያመጣሁት እኔ ነኛ።

ታዲያ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አንድ ሰውዬ ገባና፣ ተዘጋጅቶ ከተሰቀለው ሱሪ አንዱን ልሞክር ብሎ ይዞት ጥጉ ላይ ካለው መጋረጃ ጀርባ ሄደ። እኔ ካውያዬን ይዤ መጋረጃው አጠገብ ቆሜያለሁ፣ እነሱ ስለ ሚስትየዋና ስለ ወጥ ቤቱ በእኔ በኩል መወራረፍ ጀመሩ፣ ያኔ ከውስጥ ገጽ ሲገለጥ ሰማሁ። እዚያ መስተዋት እንጂ መጽሐፍ የለም። ደግሞ ተገለጠ፣ በዚያ ዝናብ ተጯጩኸን እያወራን፣ የወረቀቱ ድምፅ ጆሮዬ ሥር ያለ ይመስል ነበር።

ከዚያ ሰውዬው ረጋ ብሎ ተናገረ።

"ሚስቱም አይደለችም፣ ወጥ ቤቱም አይደለም። የሞተው ሾፌሩ ነው፤ ባለጸጋው የራሱን ልብስ አልብሶት ጠፋ። እናንተ ልብስ ሰፊዎች ሆናችሁ የሬሳው ሱሪ ማጠሩን እንዴት አለፋችሁት?"

ሁለቱም እግራቸውን ከፔዳሉ አነሱ። ሱሪው ማጠሩ እውነትም ተጽፏል፣ ያነበብኩት እኔው ነኝ፣ ከመፍራታችን በፊት አፈርን ብልህ ታምነኛለህ?

"ይልቅ 'የጨው በር'ን አንብቡ፣" አለ ቀጥሎ፣ "እሱ ነው መጽሐፍ።"

ከየት እንደሚገኝ ልጠይቀው መጋረጃውን ገለጥኩ፣ ሰው የለም። ከኋላ ድፍን ግድግዳ ነው፣ ሱሪው በሥርዓት ታጥፎ ተቀምጧል። ሰይድ ቢስሚላህ አለ፣ አለማየሁ አማተበ፣ ከዚያ ሁለቱም እኩል ሲሮጡ በሩ ላይ ተቀረቀሩ፣ ጎትቼ ያላቀቅኋቸው እኔ ነኝ፣ ኩርፊያው በዚያው ቀረ። ለክፉም ለደጉም አብሮ መሆን ይሻላል ብሎ ሰይድም ቤት መፈለጉን ተወ።

የወንጀሉን ልብ ወለድ ሙሉ ቅጂ በኋላ አግኝተን ስናነብ መጨረሻው ሰውዬው እንዳለው ነበር። ይሄኔ 'የጨው በር' እንቅልፍ ነሳኝ፣ መርካቶን ሳስስ ከርሜ በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ መጽሐፍ ሻጭ ዘንድ ደረስኩና፣ ጋሼ፣ እንዲህ የሚባል መጽሐፍ ይኖርዎታል ወይ አልኳቸው።

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። ደራሲው ወዳጃቸው መሆኑን፣ የመጽሐፉን ስም ያወጣውም ትናንት እዚሁ ተቀምጦ እንደሆነ፣ መጽሐፉ ገና ግማሹ እንኳ እንዳልተጻፈ ነገሩኝ።

እሳቸው ግራ ቀኝ አይተው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"አንብበኸው እንደሆነ ግን፣ ልጄ፣ መጨረሻው እንዴት እንደሆነ ንገረኝ። ወዳጄ ጠፍቶት ተጨንቋል።"