የልብስ ጠባቂው በር

የስክሪኑን የጣት አሻራ በሸሚዜ ጫፍ እየጠረግሁ ነበር።

ሌላ ምንም አላሰብሁም። መጥረግ ብቻ።

ላስደነግጣችሁ ብዬ አይደለም የምጽፈው። እንደ ሆነው ነው የምጽፈው። ጥቅምት ወር፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ። ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ፣ ቤታችን ሳሎን ውስጥ። ጨለማ አልነበረም። መስኮቱ ተከፍቶ ፀሐይ ምንጣፉ ላይ ተዘርግታ ነበር።

በእጄ የያዝኋት የአካሉን ጌም ነው። በሁለት እጅ የምትያዘዋን መጫወቻ። ሰፈራቸው መብራት ስለጠፋ ቻርጅ እንዳደርግለት ጠዋት እኔ ጋ ጥሏት ሄደ።

"ሣህሉ፣ ከፈለግህ የራስህን ጀምር። የኔን ፋይል ግን... እንዳትነካብኝ።"

"ምን ልሠራበት?"

"አላውቅህም!" ብሎ ሳቀና ወደ ጀልባው ሮጠ። አባቱ መሪጌታ ኃይለ ገብርኤል የሚኖሩት ከሐይቁ ማዶ፣ ዘጌ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቅ አድርሶላቸው ከሰዓት ይመለሳል።

አካሉ የልጅነት ጓደኛዬ ነው። ሳይራመድ ዋኝቷል ይባላል። እኔ አባቴ ለፋብሪካ ሥራ ተዛውሮ ያመጣኝ ልጅ ነኝ። ዋና አልችልም። ጣና ስንወርድ እሱ ይዘላል፤ እኔ ልብሱን እጠብቃለሁ። የጀልባ ልጆች "ልብስ ጠባቂው መጣ!" ይሉኝ ነበር።

የጌሟን አንደኛ ዕትም ስንጫወትም እንዲሁ ነበር። እሱ ይጫወታል፤ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ በባለ ካሬ ደብተር ካርታውን እስላለሁ። አንድ ሕግ ነበረን። በሩ ካርታው ላይ ሳይሣል ክፍል አይገባም።

እንዲህ ያለ ጌም ለማታውቁ ልንገራችሁ። አንድ ግንብ ታገኛለህ። መውጣት አትችልም፤ ታልፈዋለህ። ከሳምንት በኋላ ሌላ ጥግ ላይ ግንብ መቧጠጥ ትማራለህ... ያኔ ያ ግንብ ትዝ ይልሃል። ሳትከፍተው ያለፍኸው በር ሁሉ እንደ ቂም ይከተልሃል። ደስታውም እሱ ነው። ተመልሶ መክፈት።

ሁለተኛው ዕትም ሲወጣ ካርታውን የምስለው እኔ መስሎኝ ነበር።

ደብተሩ ከጌሟ ጋር ነበር። ገለጥሁት።

የትንቢት የእጅ ጽሑፍ ነው። ኮሌጅ አብራን የምትማረው ትንቢት። ክብ ክብ ፊደሏን አውቀዋለሁ። ውኃውን በሰማያዊ፣ ግንቡን በቡናማ ቀብታዋለች። አንዱ ገጽ ጥግ ላይ አካሉ "ጎበዝ!" ብሎ ጽፎላታል።

እኔን ጎበዝ ብሎኝ አያውቅም።

አካሉ እንዳትነካብኝ ያለኝን ፋይል ከፈትሁት።

ጨዋታውን ሰባ አራት ፐርሰንት አድርሶታል። ሐይቅ ሥር የሰጠመ ከተማ። ፋኖስ የያዘው ትንሽዬ ጀግና ሁለቴ ይዘላል፣ ግንብ ይቧጥጣል፣ ይዋኛል። አካሉ በአንድ ወር የለቀመው ችሎታ ሁሉ በጣቶቼ ሥር ሆነ።

እንዴት ይጣፍጥ ነበር...

ከዚያ አንድ በር አገኘሁ። ደብተሩን አገላበጥሁ። የለም። ያልተሣለ በር ነው።

ገባሁ።

የውኃ ዳር ነበር። ድንጋይ ላይ ልብስ ተቀምጧል። ሸሚዙ እጅጌው ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ በላዩ አንድ ጫማ በሶሉ ተገልብጦ።

አካሉ ልብሱን የሚያስቀምጠው እንዲህ ነው። ነፋስ እንዳይወስድበት።

ከልብሱ አጠገብ አንድ ትንሽ ሰው ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀምጧል። ስጠጋው ጽሑፍ ወጣ።

"አንዱን ተወው። እኔ እጠብቀዋለሁ።"

ዝርዝሩ መጣ። ፋኖስ። ዝላይ። መቧጠጥ። ውኃ ዋና።

ሌላ መምረጥ እችል ነበር። ይህን እንድታውቁት እፈልጋለሁ። ግን ያለ ዋና ከዚያ ከተማ መውጫ የለም። አካሉና ትንቢት ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲከፍቱት... እዚያው ይቀራሉ።

ውኃ ዋና ላይ ተጫንሁ።

ትንሹ ሰው ራሱን ነቀነቀ። ሰዓቱን አየሁ። አሥር ሰዓት ከሃያ።

አሥር ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ። ትንቢት ናት። በሹክሹክታ ነው የምታወራው።

"ሣህሉ... አካሉ ሰጥሞ..."

"ምን?"

"ተርፏል! ተርፏል። ወደቡ ሲቃረብ እንደ ልማዱ ከጀልባው ዘለለ። እንደ ድንጋይ ወረደ። ጀልባ ነጂው ጋሽ አምባቸው ባይገቡለት..."

"አንቺ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?"



"ልቀበለው መጥቼ ነዋ።"

መጀመሪያ የጠየቅሁት ይህን ነው። መቼ እንደሆነ የጠየቅሁት ከዚያ በኋላ ነው።

"አሥር ደቂቃ ቢሆነው ነው" አለችኝ።

በማግስቱ ልጠይቀው ሄድሁ። አልጋው ላይ ተቀምጦ እጆቹን ያያል።

"ውኃው ውስጥ ሆኜ እጄን አየሁት። ምን እንደማደርግበት ጠፋኝ።"

"ደንግጠህ ነው።"

"አልደነገጥሁም። ረሳሁት።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሣህሉ... መጀመሪያ ምን ነበር የሚደረገው? እጅ ነው እግር?"

"እግር። ከዳሌህ ጀምረህ" አልሁት።

ቀና ብሎ አየኝ። እኔም ከየት እንዳወቅሁት አላውቅም።

ሰኞ ጠዋት ብቻዬን ጣና ወረድሁ። ልብሴን አውልቄ ድንጋይ ላይ ጣልሁትና ገባሁ። ውኃው እስከ ጉልበቴ፣ እስከ ደረቴ...

ከዚያ እግሬ መሬቱን ለቀቀ። ዋኘሁ። ደንገሉን አልፌ፣ ታንኳዎቹን አልፌ ዋኘሁ። ከደስታዬ ብዛት አለቀስሁ።

ስመለስ በዳርቻው ማንም አልነበረም።

ሸሚዜ ግን ታጥፎ ነበር። እጅጌው ወደ ውስጥ። በላዩ አንድ ጫማ፣ በሶሉ ተገልብጦ።

ቤት ገብቼ ጌሟን ከፈትሁ። ትንሹ ሰው ከነበረበት አልተነሣም። አሁን ግን ፊቱን ወደ እኔ አዙሯል። ፊት ሊሆን የሚገባው ቦታ ላይ ምንም አልተሣለም።

"ልመልስለት?" ይላል ጽሑፉ። አዎ። አይ።

እጄ አዎ ላይ ነበር። እውነቴን ነው።

"ሣህሉ!" የውጭው በር ተንኳኳ። ትንቢት ናት። "አካሉ ጌሟን አምጪልኝ ብሎኛል! አብረን ልንጨርሳት ነው!"

አይ ላይ ተጫንሁ።

"ገና አልሞላችም!" ብዬ ከውስጥ ጮኽሁላት።

የእግሯ ኮቴ እስኪርቅ ጠበቅሁ። ጌሟን አጠፋሁና ስክሪኑን በሸሚዜ ጫፍ ጠረግሁት። አንድ አሻራ አልለቅም አለ። ጠጋ ብዬ አየሁት... ትንሽ ጣት ነው። ውኃ ውስጥ እንደ ቆየ ጣት የተሸበሸበ።

ያለው ከመስታወቱ ውስጥ በኩል ነው።

የቻርጀሩን ገመድ ጠቀለልሁ። ጌሟን ደብተሩ ላይ አስተኛኋት። መሳቢያውን ዘጋሁት።