ከግሽ ዓባይ በታች የቀሩት

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርደው ዝናብ ሳሳ ሲል፣ የንጋት ልብ ዛሬም ወደዚያች ጳጉሜ ይሄዳል። ያኔ አባቷ በሕይወት ነበሩ።

ጋሽ እጅጉ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጂኦግራፊ ያስተማሩ ሰው ናቸው። የዓባይን መነሻ ለስንቱ ተማሪ በጠመኔ ሲስሉ ኖረው በዓይናቸው ግን አላዩትም። ጡረታ እንደወጡ «በእግሬ ሳልሄድበት፣ አጠገቡ ድንኳን ተክዬ ሳላድር አልሞትም!» ብለው ተነሡ። ድንኳኑን ከባሕር ዳር አስመጥተው ለሙከራ ግቢያቸው ውስጥ ቢተክሉት፣ ጎረቤቱ «ማን ሞተ?» እያለ ነጠላውን አዘቅዝቆ ግር ብሎ መጣ። እናቷ ወይዘሮ ቻይነሽ አፍረው ጓዳ ተደበቁ። ንጋት ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ወደ ግሽ ዓባይ የሚወስዳቸውን መኪና የሚነዳው ስመኘው ነበር። የቡሬ ልጅ ነው፤ በሚኒባስ ከቡሬ ፍኖተ ሰላም ሰው ያመላልሳል። አባቱ መልካሙ የጋሽ እጅጉ የልብ ወዳጅ ነበሩ። እናቱም አባቱም ገና ተማሪ ሳለ ስለሞቱ አክስቱ ዘንድ አደገ፤ ደብተሩንም ልብሱንም የቻሉለት ጋሽ እጅጉ ናቸው። በዚህ የተነሣ ንጋትን ባየ ቁጥር መሬት መሬት ያያል። እንደሚወዳት ታውቃለች፤ ምን እንዳሰረውም ታውቃለች። ለወግ ለማዕረግ ያበቁትን ሰው ልጅ መመኘት ክህደት መስሎታል።

ንጋት ግን ጊዜ አልነበራትም። ነርስ ናት። ጋምቤላ ሥራ ተገኝቶላት ከዕንቁጣጣሽ በፊት ቁርጡን አሳውቂ ተብላለች። ስመኘው አንዲት ቃል ከተነፈሰ ልትቀር፣ ዝም ካለ ልትሄድ ወስናለች።

ቡሬ ላይ ለመንገድ የተጠበሰ በቆሎ ገዙ። ከጥሊሊ በኋላ ጭቃው እየባሰ ሄዶ ሰከላ ሳይደርሱ መኪናዋ አልንቀሳቀስ አለች። አንድ ገበሬ ግቢ አቁመዋት ጓዛቸውን ተሸክመው በእግር ቀጠሉ። ሜዳው በአደይ ቢጫ ሆኗል። ጋሽ እጅጉ ጉብታ ባዩ ቁጥር እየቆሙ ያስተምራሉ፤ ወይዘሮ ቻይነሽ «ኧረ ደወሉ ተደውሏል፣ ይልቀቁን!» ይላሉ። ቁልቁለቱ ላይ ንጋትን አንሸራተታትና ስመኘው ክንዷን ያዛት። ካስፈለገው በላይ ትንሽ ቆይቶ ለቀቃት።

ከተራራው ሥር ድንኳን ተክለው አደሩ። ሲነጋ የዓባይ መነሻ ወደሆነው ጠበል ሊወጡ ሲሉ አባ ገብረሰንበት የሚባሉ ሽማግሌ መነኩሴ መንገዱ ላይ ቆመው ጠየቁ።

«እህል የቀመሰ አለ? የቀመሰ ወደ ጠበሉ አይጠጋም።»

ንጋት ደነገጠች። ከእንቅልፏ ስትነቃ ርቧት የትናንቱን በቆሎ ስትፈለፍል ነበር። ግማሹ አሁንም እጇ ላይ ነው።

«አንች ልጅ!» አሉ እናቷ። «ማታ አልነገርኩሽም?»

«ረሳሁት እማዬ።»

«በሉ እሷ ትቅር» አሉ አባቷ። «ስመኘው፣ እንሂድ።»

ስመኘው ከትናንት ምሳ ጀምሮ አፉ እህል አልነካም። ይህን ጠበል ሲመኝ ነው የከረመው። ቆም አለ። ከዚያ ወደ ንጋት ሄደና በቆሎውን ከእጇ ወስዶ፣ ሁሉም እያዩት፣ ገመጠ።

«እኔም ቀምሻለሁ» አለ።

ወይዘሮ ቻይነሽ ባላቸውን አዩ። ጋሽ እጅጉ ጉሮሯቸውን ጠርገው ዳገቱን ጀመሩት።

ሁለቱ እርጥብ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ለምን በላህ?» አለችው።

«ብቻሽን ትቀሪያለሽ ብየ።»

«ውሸትህን ነው።»

በቆሎውን እጁ ላይ አገላበጠው።

«እውነትሽን ነው» አለ በመጨረሻ። «ብቻየን እቀራለሁ ብየ ነው። ጋምቤላ ስትሄጅ።»

«እንግዲያ አትሂጅ በለኛ!»

«የጋሼን እንጀራ በልቼ እንዴት ብየ?»

«እኔም የሳቸውኑ ነው የበላሁት። ዓይኔን እያየህ በል።»

ቀና ብሎ አያት። «አትሂጅ» አላት። ንጋት ማልቀስ ጀመረች፤ ለመሳቅ ነበር ያሰበችው።

ወላጆቿ ሲወርዱ ስመኘው ተነሥቶ ቆመ። «ጋሼ፣ ርቦኝ አይደለም የበላሁት» አለ።

«እሱንማ አይቻለሁ» አሉ ጋሽ እጅጉ። «የመልካሙ ልጅ ሲያገባ ሽማግሌ ልኬ የማስለምንለት እኔ ነኝ። የልጅቷ አባትም እኔ ነኝ። ታዲያ ማን ማንን ይለምን?»

«እርስዎ ቤትዎ ይቀመጡ» አሉ ወይዘሮ ቻይነሽ። «ልጁ እናት የለውም። እኔ የወንዱ ወገን ሆኜ እመጣለሁ።»

እንዳሉትም አደረጉ። በመስከረም ቡሬ ሄደው፣ ከስመኘው አክስትና ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር ተመልሰው፣ እንደ ማንኛውም ለማኝ የገዛ ደጃቸው ላይ ቆሙ። ጋሽ እጅጉ ወግ አጥባቂ ነበሩ። በመጀመሪያ ቀን እሺ ማለት ልጅን ማርከስ ነው ብለው ፊታቸውን ኮስተር አደረጉ። «ዘመድ እናማክር፤ በሌላ ቀን ተመለሱ» አሉ።

ወይዘሮ ቻይነሽም ከመልእክተኛ ተነጥዬ አልቀርም ብለው ከሽማግሌዎቹ ጋር ወደ ቡሬ ተመለሱ።

ያን ዕለት ጋሽ እጅጉ ራት አልበላ አላቸው። ከበር እስከ አጥር ተመላለሱ። ሬዲዮውን ከፍተው ዘጉት። ንጋት ምን ሆኑ ብላ ብትጠይቅ «ቤቱ ሰፋኝ» አሏት። ገና ጎሕ ሲቀድ «ተነሽ» ብለው ቀሰቀሷት። በመጀመሪያው መኪና ቡሬ ደረሱ።

የአክስቲቱን በር ያንኳኩት ራሳቸው ናቸው። ስመኘው ከፈተ። ጋሽ እጅጉ ባርኔጣቸውን አውልቀው ደጃፉ ላይ ቆሙ፤ ግቡ ቢባሉም እምቢ አሉ።

«ልጄን ሰጥቻለሁ» አሉ። «እባካችሁ ሚስቴን መልሱልኝ።»