«ሕመም የለም» ያለችው ልጅ

በአይዳሆ ተራሮች መካከል፣ ብር በሚቆፈርበት በእኛ ሸለቆ፣ እንደ ስታምፐር ቤተሰብ ቤት ሳቅ የሚሰማበት ቤት አልነበረም። አባትየው በርል ሲስቅ ጉድጓድ ውስጥ ያሉት ቆፋሪዎች ድማሚት የፈነዳ መስሏቸው እየተጋፉ ይወጡ ነበር፤ ውሸት ካልኩ ምላሴ ይቆረጥ! ሚስቱ ዜልማ የምትጋግረው የዱር እንጆሪ ኬክ ሽታው ድብ ከጫካ ይጠራል። ልጃቸው አርዲስ ከተማ ባለ ሆስፒታል ነርስ ናት፤ ታናሽ ወንድሟ ሆባርት ግንድ ጫኝ መኪና ይነዳል። ያ ሁሉ ሳቅ ባንድ ሳምንት ድርግም ብሎ ይጠፋል ብሎ ማን አሰበ?

በርል አንድ እግሩ አብጦ፣ ደረቱን እየወጋው፣ ወደ ሸለቆው ብቸኛ ሐኪም ወደ ዶክተር ፕሩዊት ሄደ። የፕሩዊት ችኮላ ለጉድ ነው። በሽተኛው ማሳል ሲጀምር መድኃኒቱን አዟል፤ ሳሉ ሳያበቃ ቀጣዩን ሸኝቷል! ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅል «ጡንቻህ ነው በርል፣ እርጅና ነው። ሂድና ተኛ» አለው። በርልም ታዘዘ። ሄደና ተኛ... አልተነሣም። እግሩ ላይ የረጋው ደም ሳንባው ገብቶ ነበር።

«እጁን እንኳ አላሳረፈበትም!» አለች አርዲስ፣ የአባቷ መቃብር ላይ የተመለሰው አፈር ገና ሳይጠጥር። «በሩ ፊት ለፊት ክሊኒክ እከፍታለሁ። የሚያክመው ዝንብ እስኪያጣ ድረስ በሽተኛ አላስቀርለትም!»

«የክሊኒኩን ታፔላ እኔ ነኝ የምሰቅልልሽ፣ እታለም» አለ ሆባርት። «ፕሩዊት ፊት ላይ መስቀል ቢቻል ደግሞ እዚያም!»

ግን ነርስ ብቻ ሆኖ እንዲህ ያለ በቀል የት ይሞከራል? ሕፃን አዋቂ ሳትል ራሷ መርምራ መድኃኒት የምታዝ ነርስ ለመሆን ማስተርስ መያዝ አለባት። ገባችበት! ከሆስፒታል ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ ትምህርቱን ኮምፒውተር ላይ ትከፍታለች። ከፈተናዎቹ አንዱ እንዲህ ነው፦ አንድ ሰው አስተኝቶ ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እየመረመሩ፣ እጅ የዳሰሰውን አፍ ጮክ ብሎ እየተናገረ፣ ሳያቋርጡ በቪዲዮ ቀርጾ ለመምህር መላክ። አንዲት ቃል ከተዘለለች ነጥብ ይቀነሳል። ስለዚህ ተማሪው ሁሉ ቃሉን አስቀድሞ እንደ ዳዊት ይሸመድደዋል። «አንገት፣ እብጠት የለም። ሆድ፣ ልስልስ፣ ሕመም የለም።» አርዲስ በውሻቸው ላይ ስንቴ እንደተለማመደች አትጠይቁኝ። ውሻይቱ ድምፅዋን ስትሰማ ያለ ትእዛዝ ተንጋላ ሆዷን ትሰጥ ጀመር።

«ይቺ ውሻ ከፕሩዊት በሽተኞች ሁሉ ይበልጥ ተመርምራለች!» እያለ ሆባርት ይስቅ ነበር።

የቀረጻው ቀን እናት ዜልማ ሶፋው ላይ ተጋደመች። ሆባርት ስልኩን ያዘ። የአርዲስ ጣቶች ከቀኝ ጎድን በታች ሲጫኑ እናት ተኮማተረች።

«ውይ! ቀስ በይ ልጄ፣ እዚያ ጋ ይወጋኛል።»

«እማዬ! ዝም በይ እንጂ፣ አበላሸሽው! ይኸው እንደገና ከራስሽ ልጀምር ነው!»

«እሺ የኔ እመቤት፣ ትንፍሽ አልልም» አለች እናት እየሳቀች።

እንደገና ተጀመረ። የአርዲስ እጅ እዚያው ቦታ ላይ ደረሰ። ዜልማ ከንፈሯን ነክሳ ጣሪያውን አየች። የአርዲስም ድምፅ እንደ ደወል ጥርት ብሎ ወጣ፦ «ሆድ፣ ልስልስ። እብጠት የለም። ሕመም የለም።» ወይ እዳ! እጅ የነካውን ልብ እንዴት ሳይሰማው ቀረ? ልቧማ እዚያ አልነበረም፤ ፕሩዊት ዘንድ ሄዶ ነገ ባዶ የሚቀሩትን ወንበሮች እየቆጠረ ነበር! መምህሯ ሙሉ ነጥብ ሰጣት። ዜልማም ኬክ ጋግራ ለመንደሩ አዳለች፤ «ልጄን በሆዴ አስመረቅኳት» እያለች።

በቀጣዩ አንድ ዓመት ሕመሙ ሲብስባት «ትምህርቷን ትጨርስ፣ አላውካትም» ብላ በሆዷ ያዘችው። አርዲስ ተመረቀች፤ ፈቃዷን አገኘች፤ ፕሩዊት ፊት ለፊት ያለውን አሮጌ ሱቅ ቀለም ቀባች። ቀለሙ ሳይደርቅ የእናቷ ዓይን ቢጫ ሆነ። የከተማው ሐኪሞች አንገታቸውን ነቀነቁ። ካንሰር ነው፤ ጉበቷን ጨርሶታል። ከአንድ ዓመት በፊት እንኳ እጁን ያሳረፈበት ሰው ሳያገኘው አይቀርም ነበር አሉ። እጁን ያሳረፈበት ሰው...!

«አታልቅሺ ልጄ» አለች ዜልማ በደከመ ድምፅ። «እኔ ነኝ ዝም ያልኩት።»

«እኔ ነኝ ዝም ያሰኘሁሽ፣ እማዬ! እኔ ነኝ!»

እናት የልጇን ጣቶች ስማ ዓይኗን ከደነች።

በእኛ አገር ሬሳ ሲሰናበት የሟች ፎቶ በትልቅ ስክሪን ይታያል። ማሳየቱ የሆባርት ድርሻ ነበር። የሠርጓ መጣ፤ ሐይቅ ዳር ዓሣ ይዛ የሳቀችው መጣ... ከዚያ ያ ቪዲዮ መጣ። ዜልማ ከንፈሯን ነክሳ ጣሪያ ስታይ፣ የአርዲስ ድምፅ አዳራሹን ሞላው፦ «ሕመም የለም።» የተቀመጠው ሁሉ የፊት ወንበር ላይ ወዳለችው ልጅ ዞረ። ሆባርት ተነሣ።

«አባቴን ሲገድሉት አላየሁም» አለ። «እናቴ ስትገደል ግን እኔው ራሴ ቀረጽኳት።»

ክሊኒኩ የተከፈተ ዕለት አርዲስ ታፔላውን ብቻዋን ሰቀለች። አዲሶቹ ወንበሮች ሰው አጥተው ዋሉ። ወደ ከሰዓት የሆባርት መኪና መጥታ በሯ ላይ ቆመች። ሌላ የት ይቁም? ባዶ የነበረው የእሷ በር ብቻ ነበር! ሆባርት ትኩሳቱ አቃጥሎት ፊቱ በርበሬ መስሏል። አርዲስ እየሮጠች ወጣች። እሱ ግን ጀርባውን ሰጥቶ መንገዱን መሻገር ጀመረ።

«ሆቢ፣ እባክህ! አባዬን የገደለው እሱ እኮ ነው!»

ሆባርት መንገዱ መካከል ቆመ።

«እሱ ባዳ ነው፣ አርዲስ። ባዳ ሲገድል ጠላት ይባላል። ጡቷን ጠብቶ ያደገ ሲገድላት ምን እንደሚባል እስቲ ማስተርስሽ ይንገረኝ!»

ድማሚት ቀብሮ ክሩን የለኮሰ ሰው ድንጋዩ በማን ራስ ላይ እንደሚወርድ አይመርጥም። ለጠላት የተቀመመ በቀልም መጀመሪያ የሚቀመሰው እናት ቤት ነው። አርዲስ ገብታ፣ ማንም ሳይተኛበት በቀረው አዲስ የምርመራ አልጋ ላይ በግንባሯ ተደፍታ አለቀሰች። ከመንገዱ ማዶ የዶክተር ፕሩዊት ወንበሮች ሞልተው፣ የቀረው ሰው ግድግዳ ተደግፎ ተራ ይጠብቅ ነበር።