የናሆም ማይክ

በሙታን መንፈስ አምኜ አላውቅም፣ ልጄ ምሕረት ስታድግም እንዲህ ያለ ወሬ ቤቴ እንዳይገባ ከልክዬ ነው ያሳደግኳት፣ ስለዚህ የምነግርህን ስትሰማ ብትስቅ አልፈርድብህም፣ ሳቅ፣ ግን አድምጠኝ።

ሥራዬ ድምፅ መቅዳት ነው፣ ማንም አላስተማረኝም፣ ሜዳ ላይ ሲቀዳ ማይክን ግድግዳ ሥር፣ መሬት አስጠግቶ፣ ጀርባውን ለነፋስ ሰጥቶ ማስቀመጥ እንደሚሻል ያወቅኩት ስንቱን ቅጂ አበላሽቼ ነው፣ ይህንኑ ለምሕረት አስተማርኳት፣ እሷም ናሆም የሚባል ተምሬያለሁ ባይ እስኪመጣ ድረስ ቃሌን ታከብር ነበር። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሁሉ «ናሆም እንዲህ ይላል» ሆነ። ሽማግሌ ላከ፣ ሁለት ጊዜ መለስኳቸው። ቅናት ኃጢአት ነው እያልኩ ሰው የምገሥጽ ነኝ፣ ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ቀንቼ ነበር።

ለአንድ ፊልም የባዶ ሜዳ ድምፅ ተፈልጎ ሦስታችንም ከላንቻ ተነስተን ካዛንቺስ ሄድን፣ የድሮ ሰፈራችን ፈርሶ ሜዳ ሆኗል፣ ሟች ባለቤቴ እንኳንም ይህን አላየች። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል እኔ ማይኬን ከተረፈው የአጥር ግንብ ሥር አስቀመጥኩ፣ ናሆም የራሱን ማይክ ፀጉራም የነፋስ መከላከያ አልብሶ በረጅም መቆሚያ ተከለው፣ የት መሰለህ? ሳያውቅ፣ ልክ የቤታችን በር በነበረበት ቦታ።

«ጋሼ፣ በሰው ቁመት ሲሆን እኮ ቆሞ የሚሰማ ሰው ያለ ይመስላል» አለኝ።

«ነፋሱ ሲገርፈው ታየዋለህ።»

«አባ፣ በቃ፣ ሁለቱንም ስማና ፍረድ» አለች ምሕረት ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ እየደፋች።

በእኔ ማይክ ነፋስ ነው። ወደ ናሆም ማይክ ቀየርኩ። መጀመሪያ የቆርቆሮ በር ሲጢጥ ሲል ሰማሁ፣ እዚያ ሜዳ ላይ በር የለም፣ ቀጥሎ የላስቲክ ነጠላ ጫማ ሲጎተት፣ ከዚያ አጭር ሳል፣ እመነኝ፣ ያንን ሳል የትም እለየዋለሁ። ከዚያ ድምጿ፦

«ጫማህን አውልቅና ግባ።»

ባለቤቴ ወለሉን በሰም ወልውላ ስታበቃ እንዲህ የምትለው ለቤት ሰው ብቻ ነበር፣ እንግዳውንማ «ኧረ በሞቴ፣ በጫማህ ግባ» ነው የምትለው። ቀና ስል ናሆም፣ ጆሮው ላይ ምንም ያላደረገው ናሆም፣ ማይኩ አጠገብ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ይፈታል።

«አንተ! ምን ሆነሃል?»

በካልሲው ቆሞ እግሩን አየ። «እኔ እንጃ ጋሼ... በጫማ መርገጡ ከበደኝ።»

«እብድ፣ ምስማር ይወጋሃል!» ብላ ምሕረት ሳቀችበት።

ቅጂውን መልሰን ስንሰማው ነፋስ ብቻ ነው።

እሁድ ሽማግሌዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ ይመጣሉ፣ እሺ እላቸዋለሁ፣ የቤቱ እመቤት አስገብታው እኔ ማን ነኝና ነው የምከለክለው? ግን እኔስ? ትናንት ብቻዬን ተመለስኩ፣ ማይኬን እሱ በተከለበት ቦታ፣ በሰው ቁመት ተከልኩ፣ ጫማዬንም አወለቅኩ፣ ጠጠሩ እግሬን እየወጋኝ ቆምኩ። ብዙ ቆይቶ በሩ ሲጢጥ አለ። ነጠላ ጫማው እየተጎተተ ቀረበ፣ ቆመ፣ ልትጠራኝ ነው ብዬ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ጫንኩ፣ ከዚያ በሩ ተገጠመብኝና መቀርቀሪያው ሲወረወር ሰማሁ፣ ከውስጥ በኩል።