ወደ ቀኝ ያጋደለችው መርከብ

በናሕራም መንግሥት፣ በዘመን መለወጫ ማለዳ፣ ንጉሥ ዓምደ ባሕር የነፋሳትን መለከት ሊነፉ ከወደቡ በላይ ወዳለው ግንብ ወጡ። አባቶቻቸው ሁሉ በዚያች ቀን መለከቱን እየነፉ የዓመቱን ነፋስ ከአራቱ ማዕዘን ሲጠሩ ኖረዋል። የወርቁን ሣጥን ሲከፍቱት ግን መለከቱ የለም። ውስጡ የቀረው አረንጓዴ ልሃጭ ብቻ ነበር። ወዲያው በግንቡ ጫፍ ይውለበለቡ የነበሩት ሰንደቆች እንደተሰጣ ልብስ ተንጠለጠሉ።

ልሃጩን ያየ መርከበኛ ሁሉ ሌባውን ለማወቅ አልተቸገረም። አፋኖ ነበር፤ በምሥራቅ ባሕር ዋሻ ተኝቶ ነፋስ እየዋጠ የሚሰባ፣ መንጋጋው እንደ ግቢ በር ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚከፈት አውሬ። ድሮ የሚውጠው በደጁ ያለፈውን ነፋስ ብቻ ነበር። አሁን መለከቱን ጉሮሮው ውስጥ ስለሸጎጠ የዓለም ነፋስ ሁሉ በራሱ ጊዜ ይሄድለታል። ለደሴቶቹ ሕዝብ እህል የጫኑት መርከቦች መሀል ባሕር ላይ ደርቀው ቀሩ። የንጉሡ አዳዲስ የጦር መርከቦችም ነጭ ሸራቸውን ዘርግተው፣ ሙሽራው ሳይመጣ እንደቀረባት ሙሽሪት ወደባቸው ላይ ቆመው ዋሉ። ነፋሱ ካልተመለሰ ደሴቶቹ በረሃብ ያልቃሉ።

በወደቡ ጥግ ግን አንዲት አሮጌ መርከብ ታስራ ነበር። ያወጡላት ስም «ግርማ ናሕራም» ነው፤ ሰው ግን «ሳቂታ» ይላታል። ወደ ቀኝ ስላጋደለች ከሩቅ ሲያዩዋት በአንድ ጉንጯ ፈገግ ያለች ትመስላለች። የማጋደሏ ነገር እንዲህ ነው። በናሕራም ልማድ የመርከብን ግራ ጎን አንድ የአናጢዎች ማኅበር፣ ቀኝ ጎኗን ደግሞ ሌላ ማኅበር ይሠራል፤ ሁለቱም ዘፈን እየተቀባበሉ ይፎካከራሉ። በዚያ ዓመት ቀኞቹ ግራዎቹን ጭጭ ሊያሰኙ ፈልገው፣ በአንድ ረድፍ የጥድ ጠርብ ፈንታ ሁለት ረድፍ ደርበው መቱባት። ውኃ ላይ ስትወርድ በቀኟ ዘመም አለች። ግራዎቹ ሆዳቸውን ይዘው ሲስቁ ዋሉ።

ማጋደሏ ግን ከአገልግሎት አላገዳትም። የባሕር ወንበዴዎችን ከጨው ደሴቶች ጠራርጋ አስወጣች፤ እየሰመጠች መስሏቸው ሊዘርፏት ሲጠጉ መድፏን ትለቅባቸው ነበር። ንግሥቲቱን ከአባታቸው አገር በሙሽርነት ያመጣች እሷ ናት፤ መንገዱን ሁሉ ወደ ቀኝ ሲንሸራተቱ ስለመጡ፣ እስከ ዛሬ በቀኛቸው ትራስ ሳይደረደር እንቅልፍ አይወስዳቸውም ይባላል። በወረርሽኙ ዘመን የሕሙማን ማደሪያ ሆነች። በመጨረሻም ምሰሶዎቿ ተነቅለው የእህል ጎተራ አደረጓት። ከበዓሉ በኋላ ደግሞ እንድትፈርስ ተወስኖባት ነበር።

ይህን ውሳኔ ሐመልማል ልትቀበለው አልቻለችም። በናሕራም መርከብ ውኃ ላይ ስትወርድ አፍንጫዋ ላይ ወተት ያፈስሱላታል፤ የተረፈው በዚያ ቀን ለተወለደች ሕፃን ይሰጣል፤ ሕፃኗም የመርከቧ እህት ትባላለች። ሐመልማል ከሳቂታ ጋር አንድ ወተት የተጋራች ነበረች። ዳዴ ያለችው በሳቂታ ወለል ላይ፣ መውጣት የተማረችው በሳቂታ ገመድ ላይ ነው። ለማጋደሏ ማካካሻ ስትል መሬት ላይ እንኳ ትንሽ ወደ ግራ ዘንበል ብላ ትራመዳለች። ወደ ግንቡ ወጣችና በንጉሡ ፊት ሰገደች።

«ንጉሥ ሆይ፣ ዕድሜዎ ይርዘም። አዳዲሶቹ መርከቦች ነፋስ ይጠብቃሉ፤ እህቴ ግን ያለ ነፋስ መሄድ ታውቅበታለች። መለከቱን ከአፋኖ ጉሮሮ አውጥቼ ባመጣ፣ ሳቂታን መጥረቢያ እንዳይነካት ይማሉልኝ።»

ንጉሡ ሐመልማልን አዩ፤ የወደቀውን ሰንደቅ አዩ። ከዚያ እጃቸውን አነሡ። «በአባቶቼ ዙፋንና በዚህ ባሕር እምላለሁ። መለከቱ ከተመለሰ ሳቂታን መጥረቢያ አይነካትም። ናሕራም እስካለች ድረስም በዚህ ወደብ ትኖራለች።»

ሳቂታን ያገለገሉ ሽማግሌ መርከበኞች ወሬውን ሲሰሙ ከየቤታቸው ተጠራርተው መጡ። ከፊት የነበሩት መሪዋን ከመጀመሪያ ጉዞዋ ጀምሮ የያዙት ጋሽ ድንበሩና የቀኞቹ ማኅበር አለቃ የነበሩት አናጢው አለቃ ጉልማ ናቸው።

«ያጋደለችው በእኛ አይደለም» አሉ አለቃ ጉልማ፣ እግራቸው ገና ወለሉን ሳይረግጥ። «ግራዎቹ አሳንሰውባት ነው።»

«ዕድሜዬን ሙሉ መሪዋን ወደ ግራ ስጎትት ትከሻዬ የተጣመመው በማን ነው ታዲያ?» አሉ ጋሽ ድንበሩ።

«እሱ እርጅና ነው።»

ጉዞውም ተጀመረ። አካሄዳቸው ሽማግሌዎቹ ብቻ የሚያውቁት ነበር። አንዱን መልሕቅ በጀልባ ወደፊት ወስደው ባሕሩ ውስጥ ይጥሉታል። መርከቧ ላይ የቀሩት ደግሞ «እንዝርት» የሚሉትን ወፍራም ቋሚ ግንድ እየዞሩ ይገፉታል፤ ገመዱ ግንዱ ላይ ሲጠቀለል መርከቧ ወደ መልሕቁ ትሳባለች። ከዚያ ተራው የሁለተኛው መልሕቅ ይሆናል። የምሥራቅ ባሕር ጥልቅ ስላልሆነ ሳቂታ ሁለት እግር እንዳላት ሁሉ እያዘገመች ሄደች። ዘፈኑም አልተቋረጠም፦

«ዙር እንዝርቴ ዙር፣ ገመዱን ጠቅልል፤
በእግሯ የሄደች ለት ነፋስ ምን ያደርጋል።»

ደርቀው በቆሙት የእህል መርከቦች መሀል ሲያልፉ ሰዉ ሁሉ እየተጋፋ ሊያያቸው ወጣ።

«ወዴት ነው በእግር?» አለ አንዱ።

«ወደ ገበያ ነው፤ ነፋስ ልንገዛ» አሉ ጋሽ ድንበሩ።

ሳቁ ከመርከብ ወደ መርከብ ተላለፈ፤ ዘፈኑንም ተቀበሏቸው። አንዲት እናት ልጇን ከፍ አድርጋ አሳየቻቸውና «ቶሎ ተመለሱ፤ ደሴቱ ላይ ታላላቅ ወንድሞቹ እየጠበቁን ነው» አለች። ሐመልማል በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ደስ ብሏት ነበር፤ እህቷ እንደገና ባሕር ላይ ናት። ወለሉ ከእግሯ በታች ሲጢጥ ሲጢጥ ሲል ዘፈኑን የሚቀበል ይመስላት ነበር።

የአፋኖ ዋሻ የታየው በቀትር ነው። አውሬው አፉን ከፍቶ ተኝቷል፤ የዓለም ነፋስ ሁሉ ወደ ጉሮሮው ይጎርፋል። ሐመልማል አንዱን መልሕቅ ከዋሻው ውጭ አስጣለች። ሐሳቧ ቀላል ነበር፤ ነፋሱ ራሱ ያስገባናል፣ መለከቱን እወስዳለሁ፣ ከዚያ በመልሕቁ ገመድ ራሳችንን ስበን እንወጣለን።

ሳቂታ በነፋሱ ተገፍታ በጥርሶቹ መሀል ገባች። ሐመልማል ከመርከቧ አፍንጫ በሚወጣው ረጅም ግንድ ላይ ተንጠላጥላ መለከቱን ጨበጠችው። መለከቱ ግን ሥጋው ውስጥ ተቀብሮ ነበር። ጎተተችው፤ ጥቂት ነቃነቀችው። በዚህ ጊዜ አፋኖ ዓይኑን ገለጠ። መንጋጋውም ከግራና ከቀኝ ቀስ ብሎ መዘጋት ጀመረ።

«ልጄ» አሉ ጋሽ ድንበሩ፣ «አሁን ከሳብን ሳቂታን እናወጣታለን። ትንሽ ከቆየን ግን አትወጣም።»

ሐመልማል እጇ መለከቱ ላይ እንዳለ ቀረ። የመጣችው እህቷን ከሞት ልታድን ነበር። የዚያች እናት ልጅ፣ ደሴቱ ላይ የሚጠብቁት ታላላቆቹም ታወሷት። መለከቱን ሳትለቅ አዘዘች።

«እንዝርቱን ተዉት፤ ሁላችሁም ጀልባ ላይ ውረዱ። የመልሕቁን ገመድ እየያዛችሁ ውጡ።»

ከዚያ ፊቷን ወደ መርከቧ መለሰች። «እህቴ ሆይ፣ ልጠብቅሽ ንጉሡን አስምዬ መጣሁ። መሐላውን ማስፈጸም አልሆነልኝም። አንቺ ግን ናሕራምን ስትጠብቂ ኖረሻልና ዛሬም ጠብቂያት። ጥቂት ብቻ ያዢልኝ።»

መንጋጋው ደረሰ። የሳቂታ ግራ ጎን በአንድ ጊዜ እንደ ደረቅ ቂጣ ተሰባበረ። ቀኙ ግን ያ የተሳቀበት፣ ያ ዕድሜ ልኳን ያዘመማት ድርብ ጥድ ነበር። ጥርሶቹ ነከሱት፤ አልተበገረም። እንደገና ነከሱት፤ ተንቋቋ እንጂ አልተበገረም። አለቃ ጉልማ ጀልባው ላይ ቆመው እንደ ሕፃን ያለቅሱ ነበር። «እኛ ነን የሠራነው» ይላሉ፣ «እኛ ነን።»

ሐመልማል መላ ኃይሏን አስተባብራ መለከቱን ነቀለችው፤ ወዲያውም ነፋችው።

የታፈነው ነፋስ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተገንፍሎ ወጣ። ሐመልማልን ከነመለከቷ አንሥቶ ባሕሩ ላይ ጣላት። አፋኖ እንደ ባዶ አቁማዳ ተጨማደደና ሳቂታን አፉ ውስጥ እንደያዘ ከዋሻው ሥር ወዳለው ጥልቅ ሰመጠ። ሐመልማል ውኃ እየዋጠች ስትታገል አንድ ነገር ከሥሯ መጥቶ ደገፋት፤ ከሳቂታ ቀኝ ጎን የተገነጠለ ጠርብ ነበር። እሱን አቅፋ ጀልባው እስኪደርስላት አለቀሰች። ዙሪያዋን ግን የእህል መርከቦቹ ሸራቸው ተነፍቶ ወደ ደሴቶቹ ይበሩ ነበር፤ ሰዎቹም የሳቂታን ዘፈን ይዘፍናሉ። እያለቀሰች አብራቸው ዘፈነች።

ንጉሡ መለከቱን ሲቀበሉ ዓይናቸው ያረፈው ሐመልማል ባቀፈችው ጠርብ ላይ ነው።

«መጥረቢያ አልነካትም» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «በዚህ ወደብ ትኖራለች ያልኩት መሐላዬ ግን ገና አልተፈጸመም።»

በማግስቱ አዲስ መርከብ እንድትሠራ ታዘዘ፤ ስሟም ከመጀመሪያው «ሳቂታ» ተባለ፣ አሮጌውም ጠርብ በቀኝ ጎኗ ገባ። በዚህ ጊዜ ሁለቱ ማኅበሮች ለመጠንቀቅ ተማማሉ። ግራዎቹ የቀኞቹን፣ ቀኞቹም የግራዎቹን ሥራ በየቀኑ በገመድ ይለኩ ነበር፤ አንዲት ጣት የምታህል ልዩነት አልተገኘም።

ውኃ ላይ በምትወርድበት ቀን የወደቡ ሕዝብ በሙሉ ተሰበሰበ። ወተቱ ፈሰሰ፤ የተረፈውም በዚያ ጠዋት ለተወለደች ሕፃን ተሰጠ። መርከቧ ተንሸራታ ገባች፤ ቀጥ ብላም ቆመች።  ከዚያ ቀስ ብላ፣ ምንም ሳትቸኩል፣ ወደ ቀኝ ዘመም አለች።

«በእኛ አይደለም» አሉ አለቃ ጉልማ።

ሳቁ ከባሕሩ እስከ ግንቡ አስተጋባ፤ ንግሥቲቱ ራሳቸው ዕንባቸውን ጠረጉ። አዲሷ ሊቀ መርከብ ሐመልማል ወለሉ ላይ ወጥታ ቆመች። እግሯ ራሱ አውቆት ነበርና፣ ሳታስበው ትንሽ ወደ ግራ ዘንበል አለች።